ቁጥሩን ማን ቆጠረው?

(ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጸረ-ኤድስ ክበባት አባላት ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የመጣሁት ስለ መታቀብ፣ ስለ መወሰንና ስለ ኮንዶም ላወራችሁ አይደለም። እሱን ከእኔ በተሻለ የሚያስረዷችሁ አሉ። የእኔ ሥራ ከቁጥር ጋር ነው። ከጤና ጣቢያ የሚመጣ መዝገብ አለ፤ ከቤት ለቤት ጥናት የሚመጣ መጠይቅ አለ፤ እነዚህን ኮምፒዩተር ውስጥ አስገባለሁ፣ አጠራለሁ፣ እደምራለሁ፣ እተነትናለሁ። «ኤጭ፣ ሒሳብ መጣ!» ያለ ልጅ ከኋላ ይሰማኛል። ግድ የለም፣ ትንሽ ታገሱኝ፤ ፈተና የለውም።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። በሬዲዮ «በአገራችን የኤች አይ ቪ ሥርጭት ይህን ያህል በመቶ ነው» ሲባል ሁላችሁም ሰምታችኋል። ታዲያ ከእናንተ መካከል ቤቱ ተንኳኩቶ ለዚህ ቆጠራ ተብሎ ደም የሰጠ ሰው የሚያውቅ አለ? እጃችሁን አውጡ። አንድም የለም። ጎረቤትስ? ዘመድስ? የለም። እንግዲያው ቁጥሩ ከየት መጣ? ማን ቆጠረው?

መልሱ ወጥ ቤት ውስጥ አለ። እናታችሁ የወጡን ጨው ለማወቅ ድስቱን ሙሉ አትበላም። አማስላ፣ በማማሰያው ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ናሙና የምንለው ይኸው ነው። ምስጢሩ ግን ያለው ጠብታዋ ላይ ሳይሆን ማማሰሉ ላይ ነው። ሳያማስል ከላይ የተንሳፈፈውን ዘይት ብቻ የቀመሰ ሰው ስለ ወጡ የሚናገረው ልክ አይሆንም።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ለብዙ ዓመታት የኤች አይ ቪ ሥርጭት ግምት ይሠራ የነበረው ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ተቋም ከሚመጡ እናቶች በሚገኝ መረጃ ነው። እናቶቹ ለቂጥኝ ምርመራ ከሚሰጡት ደም የተረፈው፣ ስም ሳይያዝበት፣ ለኤች አይ ቪ ይመረመር ነበር። ዘዴው ብልህ ነው፤ ወጪው ትንሽ ነው፤ በየጊዜው ሊደገምም ይችላል። በዚህ መንገድ ለ2003 እ.ኤ.አ. የተሠራው ግምት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ውስጥ 4.4 በመቶ የሚሆኑት ቫይረሱ በደማቸው ይገኛል የሚል ነበር። በከተማ 12.6 በመቶ፣ በገጠር 2.6 በመቶ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ማለትም በእኛ 1997 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ተካሄደ። ጠያቂዎች በየክልሉ፣ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ሁሉ በእግር እየገቡ 14,070 ሴቶችንና 6,033 ወንዶችን አነጋገሩ። ከተመረጡት ቤተሰቦች በግማሾቹ ደግሞ ፈቃደኛ ከሆኑት ሰዎች የጣት ደም በማጣሪያ ወረቀት ላይ ጠብ እየተደረገ ተወሰደ። ውጤቱ ሲወጣ 1.4 በመቶ ሆነ። በከተማ 5.5፣ በገጠር 0.7።

4.4 እና 1.4! በሦስት እጥፍ ይለያያሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሕዝቡ ዳነ እንዴ? አልዳነም። ወይስ የመጀመሪያዎቹ ዋሹ? አልዋሹም። የተለያየው የማማሰሉ ነገር ነው። ደም የሚሰበሰብባቸው ክሊኒኮች በአብዛኛው ከተማ ውስጥና ዋና መንገድ አካባቢ ነበሩ። «ገጠር» ተብለው የተመዘገቡትም ብዙዎቹ አውቶቡስ የሚቆምባቸው ትንንሽ ከተሞች ናቸው። ቫይረሱ ደግሞ መንገድ ይወዳል። ከአስፋልቱ የሁለት ቀን የእግር መንገድ ርቃ የምትኖረዋ እናት በዚያ ቁጥር ውስጥ አልነበረችም።

የቤት ለቤቱም ቢሆን ጉድለት አለው። ቤት የሌለው ጎዳና ተዳዳሪ፣ በካምፕ የሚኖር ወታደር፣ በቡና ቤት የምትሠራ ሴት በቤተሰብ ዝርዝር ላይ አይገኙም። ደም አልሰጥም የሚልም አለ። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ሁለቱን መረጃዎች አቀናጅተው ለ2007 እ.ኤ.አ. አንድ የጋራ ግምት አወጡ፦ 2.1 በመቶ። በከተማ 7.7፣ በገጠር 0.9።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ታሪክ ለማስጠናት አይደለም። መድኃኒት፣ መመርመሪያ ኪት፣ ኮንዶም፣ ባለሙያ የሚላከው ቁጥር ተይዞ ነው። የከተማውና የገጠሩ ቁጥር ሲዛባ አንድ ቦታ ኪት መደርደሪያ ላይ ቀኑ ያልፍበታል፤ ሌላ ቦታ አንዲት እናት «ዛሬ ኪት የለም፣ ሰኞ ተመለሺ» ትባላለች። ሰኞ ላትመለስ ትችላለች።

አንድ ነገር ላክልና ወደ ሶፍትዌሩ እገባለሁ። ቁጥር ስታወዳድሩ በአንድ ዓይነት መንገድ የተሰበሰበውን ከመሰሉ ጋር አወዳድሩ። የቤት ለቤቱ ጥናት በ2005 1.4፣ በ2011 1.5፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ 0.9 በመቶ አሳይቷል። ይህ ንጽጽር ያስኬዳል። 4.4ን ከ0.9 ጋር አቁሞ «አምስት እጥፍ ቀነሰ» ማለት ግን ለንግግር ያምራል እንጂ ስሕተት ነው። በ2016ቱ ጥናት ውስጥ ራሱ አማካዩ የሚደብቀው አለ፤ በከተማ 2.9፣ በገጠር 0.4 ነበር። ከተማ የምትኖሩ ልጆች «0.9 ነው እኮ» ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

እንግዲህ እነዚያን ሁሉ መጠይቆች አስቡ። በ2005ቱ ጥናት መልሱ የሚጻፈው ወረቀት ላይ ነበር። ወረቀቱ አዲስ አበባ ይመጣል። አንድ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ይጽፈዋል፤ ሌላ ሰው የመጀመሪያውን ሳያይ ያንኑ እንደገና ይጽፈዋል። ፕሮግራሙ ሁለቱን ያስተያያል። አንዱ 15 ሌላው 51 ብሎ ከሆነ ይጮኻል፤ ወረቀቱ ተፈልጎ ይታያል። ይህን የሚሠራው ሲኤስፕሮ የተባለ ሶፍትዌር የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ያዘጋጀው ሲሆን፣ ለፈለገው ሁሉ ያለ ክፍያ የሚታደል ነው። በ2016ቱ ጥናት ወረቀቱ ቀርቶ ጠያቂዎቹ ታብሌት ይዘው ወጡ።

ከሲኤስፕሮ በፊት ግን እንደ እኔ ያለው የጤና መረጃ ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀው ሌላ ነበር፤ ኤፒ ኢንፎ። የዚህን ታሪክ ስነግራችሁ ጆሮ ስጡኝ፣ ምክንያቱም የእናንተ ዕድሜ ያለ ልጅ አለበት።

ጄፍ ዲን ይባላል። አባቱ የወረርሽኝ ባለሙያ፣ እናቱ ደግሞ ጤናንና ባህልን የምታጠና አንትሮፖሎጂስት ነበሩ። ልጁ የስምንተኛ ክፍል መጨረሻ ወራትን ክፍል ውስጥ ሳይሆን ከወላጆቹ ጋር እዚሁ ጎረቤታችን ምዕራብ ሶማሊያ በሚገኝ የስደተኞች ካምፕ እያገዘ ነው ያሳለፈው። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ፣ ወረርሽኝ የሚያጠኑ ሰዎች መስክ ላይ መጠይቅ የሚያዘጋጁበት፣ መልሱን የሚያስገቡበትና ወዲያው የሚተነትኑበት ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። የመጀመሪያው ኤፒ ኢንፎ በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል በኩል ወጣ። ቅጂው በፍሎፒ ዲስክ ይዞር ነበር። አዎ፣ ያ ዛሬ የኮምፒዩተር «ሴቭ» ምልክት ላይ ብቻ የምታዩት ካሬ ነገር! ሕጉም አንድ ነበር፤ ቅዱት፣ ተርጉሙት፣ አካፍሉት። በ1990 የወጣው እትም ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር የተዘጋጀ ነበር። ከአሥር በላይ ወደሆኑ ቋንቋዎችም ተተረጎመ። ልጁ በ1990 ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ በኋላ በዓለም ጤና ድርጅት የኤድስ ፕሮግራም ውስጥ የወረርሽኙን አካሄድ የሚተነብይ ሶፍትዌር ሠራ። በ1999 ጉግል ገባ፤ ከድርጅቱ ታላላቅ መሐንዲሶችም አንዱ ሆነ።

ኤፒ ኢንፎ ምን ያደርግ ነበር መሰላችሁ? መጠይቁን ልክ ወረቀት ላይ እንደምትጽፉት ትጽፉታላችሁ። ከዚያ ድንበር ትሰጡታላችሁ፤ «ዕድሜ ከ15 በታችና ከ49 በላይ አትቀበል» ትሉታላችሁ። «ተመርምረሃል?» ለሚለው «አይ» ከተባለ «መቼ?» የሚለውን ዘሎ እንዲያልፍ ታዙታላችሁ። ሰው ሲደክመው የሚሠራውን ስሕተት በር ላይ ይዞ ያስቀራል። እኔ ራሴ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ያልተመረመሩትን ሰዎች ባዶ መተው ሲገባኝ ዜሮ አስገብቼላቸው ነበር። ዜሮ ደግሞ በእኔው ኮድ «ተመርምሮ ነጻ የሆነ» ማለት ነው። ያልተመረመረው ሁሉ ነጻ ሆኖ ቁጭ አለ! ሪፖርቱ ሳይወጣ አለቃዬ «ይሄ ቀበሌ ገነት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ በዚያ ተያዘ። ሶፍትዌር ይረዳል፤ የሚጠራጠር ሰው ግን አይተካም።

«ነጻ» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላብራራ። በአማርኛ ቃሉ ሁለት ነው። «ነጻ ሕክምና» ስንል ገንዘብ አይከፈልበትም ማለት ነው። «ነጻ ሰው» ስንል ደግሞ ጌታ የለበትም ማለታችን ነው። ሶፍትዌርም እንደዚሁ ሁለት ዓይነት ነጻነት አለው። አንዱ ጠላ በነጻ ተጋበዙ እንደሚባለው ነው። ሌላው ጠላውን ብቻ ሳይሆን የጌሾውን መጠን፣ የብቅሉን አሠራር፣ የጋኑን አጠናን ጭምር ነግሮ «ውሰዱ፣ ካልጣማችሁም አስተካክሉት» እንደማለት ነው። ይህኛው የፕሮግራሙን ውስጠኛ ጽሑፍ፣ ኮዱን፣ ለሁሉ ይከፍታል። «ኦፕን ሶርስ» የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል።

ገንዘቡስ ቀላል ነው? ስመ ጥር የሆኑት የሚሸጡ የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች ለአንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት በጀት አይቀመሱም። ምን ይደረጋል? ታውቁታላችሁ፤ በፍላሽ ዲስክ «ክራክ» የተደረገ ቅጂ ይዞራል። ስርቆት መሆኑ ሳያንስ የራሱን ቫይረስ ይዞ ይገባል። (በኤድስ መጽሔት ላይ ስለ ኮምፒዩተር ቫይረስ ማውራት ደግ ባይሆንም እውነት ነው፤ የስድስት ወር መዝገብ በዚህ ሲጠፋ አይቻለሁ።) አር የሚባለው የትንተና ፕሮግራም በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የተወለደ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ትልልቅ ተመራማሪዎች የሚሠሩበት እሱው ነው። የሚሰረቅ ነገር የለውም።

ግን ለእኛ አገር ከገንዘቡ ይልቅ ሁለተኛው ነጻነት ይበልጣል። ለምን እንደሆነ በሁለት ምሳሌ ላሳያችሁ።

አንደኛው ስም ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም እስቲ ጻፉ። አንዱ በ«ፀ» ይጽፋል፣ ሌላው በ«ጸ»። አንዱ «ሐ» ይላል፣ ሌላው «ሀ»፣ ሌላው «ሃ»። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ። ለእኛ አንዲት ሴት ናት። ለኮምፒዩተሩ አራት ሴቶች ናቸው። የድሮዎቹ ፕሮግራሞች ፊደላችንን ስለማያውቁ በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ባሰ፤ አንዱ ጸሐፊ በቲ ኤስ ይጀምራል፣ ሌላው በቲ ዜድ። አሁን ይቺ ፀሐይ የጸረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ እንበል። ሥራ ቀይራ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች፤ እዚያ ጤና ጣቢያ «ጸሃይ» ተብላ ተመዘገበች። በመጀመሪያው መዝገብ «መድኃኒት ያቋረጠች» ትባላለች። በሁለተኛው «አዲስ ታካሚ» ትሆናለች። መድኃኒቷን አንድ ቀን ሳታዛንፍ የምትውጥ ሴት፣ በቁጥራችን ውስጥ አንድ ጊዜ ጠፍታ አንድ ጊዜ ተወልዳለች።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠራችን ነው። «አሥራ ሦስት ወር ጸጋ» እያልን እንመካበት የለ? ጳጉሜን 3 የተወለደን ሕፃን ለፈረንጅ ፕሮግራም ስትሰጡት «13ኛ ወር የሚባል የለም» ብሎ ይመልስላችኋል። ጸሐፊዋ ምን ታድርግ? ነሐሴ 30 ትለዋለች። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ዓመቱ ነው። በእኛ 1990 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ 1990 ተብሎ ከገባ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት በአንድ ጊዜ ያረጃል። ያኔ የ14 ዓመት ልጅ 22 ይሆናል፤ ከሕፃናት ሠንጠረዥ ወጥቶ ከአዋቂዎች ጋር ይደመራል። የሕፃናት መድኃኒት መጠን ሲታዘዝ እሱ አይቆጠርም።

በተዘጋ ሶፍትዌር ይህን ለማስተካከል ለባለቤቱ ድርጅት ደብዳቤ ጽፋችሁ ትጠብቃላችሁ። ኢትዮጵያ ብቻዋን ለምትጠቀምበት ካሌንደር ማን ይቸገርላችኋል? በክፍት ሶፍትዌር ግን ኮዱን የሚያነብ አንድ ጎበዝ ካለ ይሠራዋል። ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የሚባለውን ውሰዱ። ሥሩ አፓርታይድ ከወደቀ በኋላ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ የጤና መረጃ ሥራ ነው፤ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያስተባብረዋል። የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይቀበላል፤ ጳጉሜን ያውቃል። በእኛ አገርም ከ2010 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚያደርጉበት ሆኗል። ፊደላችን ደግሞ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባ ዛሬ መጠይቁን በአማርኛም፣ በትግርኛም መጻፍ ይቻላል። የፀሐይን ነገር ግን ዩኒኮድ አልፈታውም። ፀ እና ጸን አንድ አድርጎ የሚያነብ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ ለእናንተ ለኮምፒዩተር ክፍል ልጆች የሳምንት ሥራ ነው፤ ልብ ያለው ይሞክረው።

አሁን ግን ቀልድ የሌለበት ነገር ልነግራችሁ ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት የክበብ አባላት ጥናት ሊሠሩ ፈለጉ። ስለ ኤች አይ ቪ ተማሪው ምን ያውቃል፣ የደም ምርመራስ አድርጎ ያውቃል ወይ የሚል መጠይቅ አዘጋጁ። እንድረዳቸው ጠሩኝ። ስም አልጠየቁም፤ ጥሩ ነው አልኩ። ክፍል፣ ሴክሽን፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ከማን ጋር ትኖራለህ፣ ትኖሪያለሽ፣ እነዚህን ጠየቁ። መልሱን አስገባን፤ ፕሮግራሙም በደቂቃ ሠንጠረዥ አወጣ። እኔም ኮራሁ፤ «አያችሁ፣ ይህን በእጅ ብትሠሩት ወር ይፈጅ ነበር» አልኳቸው። ሠንጠረዡን አትመው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፉት።

ከሠንጠረዡ መስመሮች አንዱ ላይ፣ በአንድ ሴክሽን፣ ሴት፣ ዕድሜዋ ከ20 በላይ፣ ብቻዋን የምትኖር የሚል ነበር። በዚያ መስመር ላይ የሰፈረው ቁጥር 1 ነው። «ተመርምራ ታውቃለች» በሚለው ሥርም 1።

ስም የለም አይደል? ግን ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ከሌሎቹ በዕድሜ ከፍ ያለች ልጅ በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ብቻ ነበረች። በማግስቱ ሹክሹክታው ተጀመረ። «ለምን ተመረመረች? ምን ሆና ነው?» መመርመር እኮ ጀግንነት ነው፤ እኛው በየስብሰባው «ተመርመሩ» የምንላችሁ። ውጤቷን ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አያውቅም። ሹክሹክታው ግን ውጤቱን ራሱ ፈጠረው። ልጅቷ ሁለት ሳምንት ትምህርት ቤት አልመጣችም። ስትመጣም የምትቀመጥበት ዴስክ ላይ ብቻዋን ሆነች።

ሠንጠረዡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሶፍትዌሩ ልክ ነበር፤ ድምሩም ልክ ነበር። ኃላፊ መምህሩ ይቅርታ ሲጠይቁላት እኔም አብሬ ነበርኩ፤ እሷ አንገቷን ደፍታ «ምንም አይደል ጋሼ» ነው ያለችኝ። ምንም አይደል ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን ቀይሬያለሁ። ከአምስት ሰው በታች ያለበትን የሠንጠረዥ ክፍል አላወጣም፤ ከጎረቤቱ ጋር እቀላቅለዋለሁ ወይም እደፍነዋለሁ። ሴክሽን የማያስፈልገኝ ከሆነ አልጠይቅም። ዕድሜን በዓመት ሳይሆን «ከ15 እስከ 17፣ ከ18 እስከ 20» እያልኩ እወስዳለሁ። ወረቀቱ በተቆለፈ ቁም ሣጥን ይቀመጣል፤ ፋይሉ በይለፍ ቃል ይዘጋል፤ ፍላሽ ዲስክ ላይ ተገልብጦ ሻይ ቤት አይገባም። በ2005ቱ አገር አቀፍ ጥናት ላይ የደሙ ወረቀት ስም አልነበረበትም፤ በባር ኮድ ብቻ ነበር የሚታወቀው። ታላላቆቹ ይህን ያህል ከተጠነቀቁ እኛ ሁሉም የሚተዋወቅበት ግቢ ውስጥ ያለነው እጥፍ መጠንቀቅ አለብን።

ስለዚህ ክበባችሁ ጥናት ሊሠራ ካሰበ የማንንም የምርመራ ውጤት አትጠይቁ። «ተመርምረሃል፣ ተመርምረሻል» የሚለውንም ተዉት፤ የጤና ባለሙያ ይጠይቀው። እናንተ ዕውቀትን ጠይቁ። በ2016ቱ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 24 ከሆኑት ወጣቶች ስለ ኤች አይ ቪ የተሟላ ዕውቀት ያላቸው ከሴቶቹ 24 በመቶ፣ ከወንዶቹ 39 በመቶ ብቻ ነበሩ። «የተሟላ» የሚባለው ምን መሰላችሁ? ኮንዶም ሁልጊዜ መጠቀም፣ አንድ ለአንድ ተወስኖ ከቫይረሱ ነጻ ከሆነ ጓደኛ ጋር መኖር እንደሚከላከል ማወቅ፤ ጤነኛ የሚመስል ሰው ቫይረሱ ሊኖርበት እንደሚችል ማወቅ፤ በተጨማሪም እንደ ትንኝ ንክሻ ያሉ ሁለት የተሳሳቱ እምነቶችን አለመቀበል ነው። አምስት ጥያቄ ብቻ! እናንተ ግቢ ውስጥ ስንት ይሆን? ከአገሩ ቁጥር ይሻል ይሆን ወይስ ያንሳል? እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ማማሰሉን አትርሱ። የክበቡን አባላት ብቻ ከጠየቃችሁ ዘይቱን ቀመሳችሁ። ከስም መቆጣሪያው ላይ በየአሥረኛው ተማሪ ውሰዱ፤ መጀመሪያውን በዕጣ አውጡ። የቀረውን ልጅ ማግስቱን ተከታትላችሁ ጠይቁት እንጂ በአጠገባችሁ በሚያልፈው አትተኩት። ፈቃደኛ ያልሆነውን ተዉት፤ ለምን አትሉትም።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ጥቂቱን ልጨምር። አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ በስልካችን መሥራት ይቻላል?» ብላ ጠየቀች። ይቻላል። ኦፕን ዳታ ኪት የሚባል በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ክፍት ሶፍትዌር አለ። መጠይቁን አንድሮይድ ስልክ ላይ ይጭናል፤ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። መብራት በጠፋ፣ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ለምንቆመው ለእኛ የተመቸ ነው። ግን ስልኩ የማን ነው? ወንድም ይዋሰዋል፣ ጓደኛ ይከፍተዋል። መልሱን ከላካችሁ በኋላ ከስልኩ አጥፉት።

ሌላው ልጅ «ኮምፒዩተሮቻችን ከአራቱ ሦስቱ አይሠሩም» አለ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ አይ ሲ ቲ መምህሩም ሳቁ። አንዱ ይበቃል። መቶ መጠይቅ ለሁለት ልጅ የሁለት ከሰዓት ሥራ ነው፤ አንዱ ያስገባል፣ ሌላው ሳያይ እንደገና ያስገባል፣ ከዚያ ታመሳክራላችሁ። እሱም ካልተገኘ በመስመር እየጫራችሁ፣ አራት ጭራችሁ አምስተኛውን በላዩ አሰርታችሁ ቁጠሩ። ሶፍትዌሩ የሚያፈጥነው ይህንኑ ነው።

ከኋላ ተቀምጣ የነበረች አንዲት ልጅ ደግሞ መጨረሻ ላይ ተነሳችና «ያቺ ልጅ በመጨረሻ ምን ሆነች?» አለች። ትምህርቷን ጨርሳለች። ዛሬ የምትሠራበትን አልናገርም፤ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ።

መጠይቃችሁን ከመጠየቃችሁ በፊት ላኩልኝና አብረን እንየው። አምስቱን ጥያቄዎች ጻፉ፤ ከሥሩ ደግሞ ሌላ የምትጠይቁትን ሁሉ ዘርዝሩ፤ ከእያንዳንዱ ጎን «ይህን ባናውቅ ምን ይጎድላል?» ብላችሁ ጻፉበት። ምንም የማይጎድልበትን በቀይ እስክርቢቶ እንሰርዘዋለን። ቀይ እስክርቢቶውን እኔ አመጣለሁ።